የኤፈንዲው ቤት፣ የመቅደላዋ ልጅ እና የኢየሩሳሌሙ ሆቴል

ከአሮጌዋ ኢየሩሳሌም የደማስቆ በር ተነስታችሁ ወደ ሰሜን ሩብ ሰዓት ያህል በእግር ብትጓዙ ሼክ ጃራህ የሚባል ሰፈር ትደርሳላችሁ። እዚያ ከኖራ ድንጋይ የተሠራ አንድ የድሮ ቤት አለ። በሩን አልፋችሁ ስትገቡ ዘንባባና አበባ ያለበት የውስጥ ግቢ ይቀበላችኋል። ዙሪያውን ጠረጴዛ ተደርድሯል፤ ጋዜጠኛው፣ ዲፕሎማቱ፣ ተሳላሚው፣ ቱሪስቱ ቁጭ ብሎ ቡናውን ይጠጣል። ቤቱ አሜሪካን ኮሎኒ ሆቴል ይባላል።

ስሙን ሰምታችሁ “አሜሪካኖች የሠሩት ሆቴል ነዋ!” ብትሉ አይፈረድባችሁም። ግን ቤቱን የሠራው አሜሪካዊ አይደለም። ሲሠራም ለሆቴልነት አልነበረም። ሆቴል እንዲሆን ምክንያት የሆነው ሰው ደግሞ ሩሲያ ተወልዶ የጀርመን ዜግነት የወሰደ ባሮን ነው። የባሮኑ ባለቤትስ? እሷ የተወለደችው መቅደላ ነው። አዎ፣ የአፄ ቴዎድሮስ መቅደላ።

እስቲ ይህንን ክር ከጫፉ ይዘን እንምዘዘው። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ለይቼ ካልተናገርኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከግንቡ ውጭ

እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ የኢየሩሳሌም ሰው ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚያድረው በግንቡ ውስጥ ነበር። ግንቡን በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠራው የኦቶማኑ ሱልጣን ሱሌይማን ነው፤ ያጠረውም ቦታ አንድ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በሮቹ ሲመሽ ይዘጋሉ። ዘግይቶ የደረሰ መንገደኛ ውጭ ማደሩ ነው እንግዲህ። ሕዝቡ እየበዛ፣ የውጩም መንገድ ከሽፍታ እየጸዳ ሲመጣ ግን አቅም ያለው ሰው ወጣ እያለ ሰፊ ቤት መሥራት ጀመረ። የእኛም ሰዎች ከዚህ አልቀሩም፦ በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን ተጀምሮ በአፄ ምኒልክ ዘመን ያለቀው የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን የተሠራው ከግንቡ ውጭ ነው። ያለበት መንገድ እስከ ዛሬ የኢትዮጵያ ጎዳና ይባላል።

ከግንቡ ከወጡት ባለጸጎች አንዱ ራባህ ዳውድ አሚን ኤፈንዲ አል-ሁሴይኒ ነበር። “ኤፈንዲ” የቱርክ የአክብሮት መጠሪያ ነው። የሁሴይኒ ቤተሰብ ደግሞ ለከተማዋ ከንቲባና ሙፍቲ ሲያወጣ የኖረ ትልቅ ቤት ነው። ራባህ ሼክ ጃራህ ላይ ለራሱና ለአራት ሚስቶቹ መኖሪያ ሠራ። ክፍሎቹ የውስጡን ግቢ ከበው ተሠሩ፤ ፎቁ ላይ እንግዳ የሚቀበልበት ሰፊ ሳሎን ተዘጋጀ። የሳሎኑ ጣሪያ በቀለምና በወርቅማ ጌጥ ተሸለመ።

እዚህ ላይ አንድ ጊዜ ቆም እንበልና ቤቱን እንደ መሐንዲስ እንየው። ኢየሩሳሌም ከባሕር ወለል በላይ 800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ተራራማ ከተማ ናት። በበጋ ቀኑ ያቃጥላል፣ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ዝናቡ የሚመጣው በክረምታቸው ብቻ ነው፤ ማለትም ከኅዳር እስከ መጋቢት ባሉት ወራት፣ እኛ ጋ ፀሐይ በሚሆንበት ጊዜ። ታዲያ የኤሌክትሪክ ማራገቢያም የቧንቧ ውኃም በሌለበት ዘመን እንዴት ይኖራል?

መልሱ ግድግዳው ውስጥ ነው። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ቶሎ አይሞቅም፣ ቶሎም አይቀዘቅዝም። የቀኑ ሙቀት ድንጋዩን አልፎ ወደ ውስጥ እስኪደርስ ሰዓታት ይፈጅበታል፤ በሚደርስበት ሰዓት ፀሐይዋ ጠልቃለች። በሌሊት ደግሞ ቀዝቃዛ አየር ከሙቁ ስለሚከብድ ወደ ውስጥ ግቢው ይወርድና እዚያው ይተኛል። ጠዋት የክፍሎቹ በር ሲከፈት ያ ብርድ ለቤቱ ይከፋፈላል። ውኃውስ? በድሮዎቹ የኢየሩሳሌም ቤቶች የክረምቱ ዝናብ ከጣሪያ ላይ እየተሰበሰበ ከመሬት በታች በተቆፈረ ጉድጓድ ይጠራቀማል፤ ቤተሰቡ በጋውን የሚያሳልፈው በዚያ ነው። እንዲህ ያለ ቤት ለአንድ አባወራ ብቻ ሳይሆን ለብዙ ሰው ይበቃል። ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ እንፈልገዋለን።

ራባህ ወራሽ ልጅ ሳይተካ ሞተ። ቤቱም ተከራይ ይፈለግለት ጀመር።

ከቺካጎ የመጡት

ሆራሽዮ ስፓፎርድ የቺካጎ ጠበቃ ነበር። በ1873 ባለቤቱ አና አራት ሴቶች ልጆቻቸውን ይዛ ወደ አውሮፓ ስትጓዝ መርከቧ ከሌላ መርከብ ጋር ተጋጭታ ሰጠመች። አራቱም ልጆች ሞቱ፤ አና ብቻዋን ተረፈች። በኋላ የተወለደላቸውን ወንድ ልጅም በሽታ ወሰደባቸው። የሚያውቋቸው አንዳንድ ምእመናን “ይህ የኃጢአት ቅጣት ነው” ማለታቸው ደግሞ ሐዘኑን አባሰው። በ1881 ባልና ሚስቱ ጥቂት ወዳጆቻቸውን አስከትለው ኢየሩሳሌም ገቡና በግንቡ ውስጥ፣ ደማስቆ በር አጠገብ፣ በአንድ ቤት አብረው መኖር ጀመሩ። ገንዘብም፣ ሥራም፣ ማዕድም የጋራ ነበር። የአገሩ ሰው “አሜሪካኖቹ” አላቸው፤ “አሜሪካን ኮሎኒ” የሚለው ስም የመጣው ከዚያ ነው። ኮሎኒ ሲባል የቅኝ ግዛት ጉዳይ አይደለም፣ አብሮ የሰፈረ ማኅበር ለማለት ነው።

በ1896 ብዙ ስዊድናውያን፣ ግማሾቹ ከቺካጎ፣ ግማሾቹ ኖስ ከምትባል የስዊድን ገጠር፣ መጥተው ተቀላቀሏቸው። ማኅበሩ ከመቶ ሰው በላይ ሆነ። የድሮው ቤት አልበቃም። ያን ጊዜ ነው የራባህን ቤት የተከራዩት፤ ኋላም ገዙት። አራት ሚስቶች ይኖሩበት የነበረው ግቢ አሁን የስዊድን ገበሬ፣ የአሜሪካ መምህርት፣ አናጺና ጋጋሪ ሞላበት። የስዊድኗ ደራሲ ሴልማ ላገርሎፍ በ1900 መጥታ ጎብኝታቸው “ኢየሩሳሌም” የተባለ ልብ ወለዷን ጻፈች። በ1909 የኖቤል ሽልማት ያገኘችው ያችው ናት።

ግን እስካሁን ሆቴል የለም። ለሆቴሉ ወደ ባሕሩ ዳር መውረድ አለብን።

ኢዮጴ ላይ ያለው ሌላው ቤት

በመጽሐፍ ቅዱስ ኢዮጴ የምንላት ያፋ፣ ነቢዩ ዮናስ ለሽሽት መርከብ የተሳፈረባት ከተማ፣ በዚያ ዘመን ወደ ኢየሩሳሌም የሚሄድ ሰው ሁሉ መግቢያ ነበረች። ትልልቅ መርከቦች በአለቱ ምክንያት ወደ ዳር መጠጋት ስለማይችሉ ራቅ ብለው ይቆማሉ፤ ተሳፋሪው በጀልባ እየተንገላታ ይወርዳል። በ1892 ከያፋ እስከ ኢየሩሳሌም የባቡር ሐዲድ ሲዘረጋ ደግሞ የመንገደኛው ቁጥር ጨመረ። መንገደኛ ባለበት ማደሪያ ይፈለጋል።

ባሮን ፕላቶን ኡስቲኖቭ ያፋ ውስጥ ትልቅ ቤት ነበረው። ባሮኑ ከሩሲያ መኳንንት ወገን ሲሆን፣ ከኦርቶዶክስ ወደ ፕሮቴስታንት እምነት በመግባቱ ሀገሩን ትቶ በጀርመኗ ቩርተምበርግ ዜግነት አገኘ። ያፋ ላይ ቤቱን በዛፍና በአበባ ከበበው፤ ሆቴልም አደረገውና “ኦቴል ዱ ፓርክ” ተባለ። በ1898 የጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት ካይዘር ቪልሄልም 2ኛ ለጉብኝት ሲመጣ ያፋ ላይ ያረፈው እዚያ ነው።

ኡስቲኖቭ አንድ ችግር ነበረበት። እንግዶቹ ያፋ ላይ ጥቂት አርፈው ወደ ኢየሩሳሌም ይወጣሉ፤ እዚያ ግን እሱ የሚተማመንበት ማደሪያ የለም። በ1902 አሜሪካን ኮሎኒዎችን ጠየቃቸው፦ እንግዶቼን ብልክላችሁ ታሳድሩልኛላችሁ? አሁን ያዙልኝ ያልኳችሁን አምጡት። ብዙ ክፍል አለ። ለመቶ ሰው የሚበቃ ወጥ ቤት አለ። እንግሊዝኛ የሚናገር፣ አልጋ በንጹሕ የሚያነጥፍ፣ ደመወዝ የማይጠይቅ የሰው ኃይል አለ። ሆቴል ለመሆን የቀረው እንግዳው ብቻ ነበር። እሱን ኡስቲኖቭ ላከ።

የሆቴሉን ታሪክ የሚተርኩ ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ “ባሮን ኡስቲኖቭ” ብለው ያልፋሉ። እኔ ግን ማለፍ አልፈለግሁም፤ የያፋው ቤት እመቤት ማን እንደነበረች ማወቅ ለኛ ደስ የሚል ነገር ነዋ።

ከጋፋት እስከ ያፋ

ደብረ ታቦር አጠገብ ያለችውን ጋፋትን አስታወሳችሁ? አፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ ያሠሩባት ቦታ ናት። ከባለሙያዎቹ አንዱ ሞሪትዝ ሆል ይባላል፤ ፖላንድ ውስጥ ክራኮው ከአይሁድ ቤተሰብ ተወልዶ ክርስትና የተቀበለ ሰው ነው። ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ካፈሰሱት ሰዎች መካከል ነበር። መዳብና ቆርቆሮ አቅልጦ በአንድ ጊዜ ያን ያህል ብረት ቅርጽ ውስጥ ማፍሰስ ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ምድጃው እርጥበት ካለው፣ ቅርጹ በደንብ ካልደረቀ፣ የቀለጠው ብረት ይፈነዳል ወይም መንገድ ላይ ይረጋል። የጋፋት ሰዎችም የመጀመሪያ ሙከራዎቻቸው ከሽፈውባቸው ነበር።

ሆል ያገባው ወለተ ኢየሱስን ነው፤ አውሮፓውያኑ ካታሪና ይሏታል። አባቷ በመጀመሪያ በደጃዝማች ውቤ፣ በኋላ በቴዎድሮስ ዘንድ ያገለገለው ጀርመናዊው ሠዓሊ ኤድዋርድ ዛንደር ነው። እናቷ የጎንደር ቤተ መንግሥት ሴት ናት፤ አውሮፓውያን በላቲን ፊደል የመዘገቡት ስሟ በእኛ አነባበብ “እሴተ ወርቅ” የሚል ነው።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ማግስት፣ የጄኔራል ናፒየር ጦር መቅደላን ያዘ፤ ንጉሡም ራሳቸውን ሠዉ። ለወለተ ኢየሱስና ለሞሪትዝ ሴት ልጅ የተወለደችው በዚያው ሰሞን፣ በዚያው በመቅደላ ነው። ስሟን ማግዳሌና አሏት። ክርስቲያናዊ ስም ነው፣ ግን ቦታውም አብሮ ይሰማል።

እንግሊዞች ሲመለሱ አውሮፓውያኑን ከኢትዮጵያውያን ሚስቶቻቸውና ከልጆቻቸው ጋር ይዘዋቸው ወጡ። የጋፋቱ መሪ የነበረው ቴዎፊል ቫልድማየር ሊባኖስ ገብቶ ትምህርት ቤትና የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል መሠረተ። የሆል ቤተሰብ ያፋ ላይ ሰፈረ። ማግዳሌናም እዚያው አደገችና በ1880ዎቹ መጨረሻ ባሮን ኡስቲኖቭን አገባች። እሷ ሃያ ዓመት ገደማ፣ እሱ ሃምሳ ሊሞላው ጥቂት የቀረው። ልጃቸው ዮና በ1892 ያፋ ተወለደ። የዮና ልጅ ደግሞ ሁለት ጊዜ ኦስካር ያሸነፈው የእንግሊዝ ተዋናይ ፒተር ኡስቲኖቭ ነው።

ስለ ፒተር ኡስቲኖቭ ከተጻፉት ውስጥ ብዙዎቹ “የኢትዮጵያ ነገሥታት ዘር አለው” ይላሉ። እንዲህ ያለ ነገር ስታነቡ ጠርጠር ማለት ጥሩ ልማድ ነው። ቤተ መንግሥት ውስጥ የኖረች ሴት ሁሉ የንጉሥ ልጅ አይደለችም፤ በትውልድ ቅብብሎሽ ግን “ቤተ መንግሥት ነበረች” የሚለው “ንጉሣዊት ነበረች” ለመሆን ሁለትና ሦስት ተራኪ ይበቃዋል። ለእኔ እውነተኛው ታሪክ ከተጋነነው ይበልጥብኛል። ከጎንደር የወጣች እናት ልጇን ለመድፍ ሠሪ ዳረች፣ የልጅ ልጇ የንጉሠ ነገሥት እንግዳ ማረፊያ እመቤት ሆነች። ይህ ሁሉ በሦስት ትውልድ ውስጥ።

አንሶላው

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ሆቴሉ እንግዳ አጣ። በ1915 አንበጣ አገሩን ጠረገው፤ ረሃብና ታይፈስ ተከተለ። ኮሎኒዎቹ ለሺዎች ሾርባ አበሰሉ፣ ቁስለኛ አከሙ። ታኅሣሥ 9 ቀን 1917 የኦቶማን ጦር ከተማዋን ለቆ ሲወጣ ከንቲባው ሁሴይን አል-ሁሴይኒ ኢየሩሳሌምን ለእንግሊዞች ለማስረከብ ነጭ ባንዲራ ያዘ። ባንዲራው ከአሜሪካን ኮሎኒ ሕክምና ቦታ የተወሰደ የአልጋ አንሶላ ነበር። ከንቲባው የቤቱ ሠሪ የራባህ ወገን መሆኑን ልብ በሉ። በመጀመሪያ ያገኛቸው እንግሊዞች እንቁላል ፍለጋ የወጡ የጦሩ ወጥ ቤቶች ነበሩ ይባላል፤ እነሱም “ከተማ የምንረከብ እኛ አይደለንም” አሉት። ቀጥለው ያገኟቸውን ሁለት ሳጅኖች ከከንቲባውና ከአንሶላው ጋር የኮሎኒው ፎቶ አንሺ ሌዊስ ላርሰን አነሳቸው። የአንሶላው ቁራጭ ዛሬ ለንደን በሚገኘው የኢምፔሪያል ጦርነት ሙዚየም ይገኛል።

ማኅበሩ በውስጥ ጭቅጭቅ እያደር ተበተነ። ገንዘብን የጋራ ማድረግ ለአንድ ትውልድ ይቻል ይሆናል፤ ለልጆቹ ሲደርስ “የኔ ድርሻስ?” መባሉ አይቀርም። ሆቴሉ ግን በመሥራቾቹ ዘሮች እጅ ቀጠለ። ከ1948 በኋላ ከተማዋ ስትከፈል በዮርዳኖስ በኩል፣ ከድንበሩ መስመር አጠገብ ቀረ። በ1967 ጦርነት ተመታ፣ ተጠገነ። ወደ ኦስሎ ስምምነት ካመሩት ምስጢራዊ ንግግሮች የመጀመሪያዎቹ በ1992 እዚሁ መካሄዳቸው ይነገራል። ሁለቱም ወገን ገብቶ ሊቀመጥበት የሚችል ቦታ በዚያች ከተማ እንደ ልብ አይገኝም።

ቤት የሚፈርሰው መቼ ነው?

አሮጌ ቤትን ብዙ ጊዜ የሚያፈርሰው መድፍ ሳይሆን ሥራ መፍታት ነው። ሰው የማይኖርበት ቤት ጣሪያው ሲያፈስ የሚያይ የለም። አንድ ክረምት ያፈሰሰ ጣሪያ በሁለተኛው እንጨቱን ያበሰብሳል፣ በሦስተኛው ግድግዳውን ያጥባል። ሆቴል ግን ጠዋት ጠዋት እንግዳ “እላዬ ላይ አንጠባጠበ” ብሎ ይጮኻል፤ የዚያኑ ቀን ይጠገናል። የኤፈንዲው ቤት የተረፈበት አንዱ ምክንያት ይሄ ይመስለኛል። አዲስ አበባ ውስጥም የራስ ብሩ ቤት የከተማው ሙዚየም በመሆኑ ነው ዛሬ ገብተን የምናየው።

እርግጥ ሆቴልነት ዋጋ ያስከፍላል። ለየክፍሉ መታጠቢያ፣ ቧንቧ፣ ሽቦ ያስፈልጋል፤ ይህን ለማስገባት ግድግዳ ይነደላል። ጥሩ ጠጋኝ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። የድሮ ድንጋይ በኖራ የተያያዘ ነው፤ ኖራ ልል ስለሆነ እርጥበት በእሱ በኩል ይወጣል። በሲሚንቶ ስትመርጉት ያ መውጫ ይዘጋል፤ እርጥበቱ ድንጋዩ ውስጥ ታፍኖ ጨው ይሠራና ፊቱን ይልጠዋል። በጎንደር ፋሲል ግቢም በጣሊያን ጊዜ የተደረገው የሲሚንቶ ጥገና ችግር አስከትሎ፣ በኋላ ወደ ኖራው መመለስ ግድ ሆኗል። በኢየሩሳሌሙ ቤት የራባህ ሳሎን ጣሪያ ከነጌጡ ተጠብቆ ቆይቷል። የውስጡ ግቢም እንደ ድሮው ክፍት ነው፤ ሌሊት ሌሊት ብርዱን መሰብሰቡን አልተወም።

የያፋውም ቤት አልፈረሰም። በኋላ የእንግሊዝ ሚሲዮን ገዛውና ቤት ኢማኑኤል ተባለ፤ ዛሬም እንግዳ ያሳድራል።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ካይዘሩ በ1898 ሲመጣ ያንን ጉብኝት ፎቶ በማንሳት ሥራ የጀመረው የአሜሪካን ኮሎኒ የፎቶ ክፍል ለብዙ ዓመታት አገሩን ሲያነሳ ኖሯል። ስብስቡ አሁን በአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይታያል። ውስጡ የአንበጣው ፎቶ አለ፣ የአንሶላው አለ። በግንቦት 1936 ደግሞ ኢየሩሳሌም የደረሱትን አንድ ስደተኛ ንጉሠ ነገሥት አንስተዋል። አፄ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። ፈልጋችሁ እዩት፤ ፊታቸውን ብቻ ሳይሆን ከኋላቸው የቆሙትንም ሰዎች አንድ በአንድ እዩ።